አየርና ውሃ በማኅደር

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ከሽንዲ በላይ ካለው ጫካ ወጣን፤ እኔና ጨው ነጋዴው አያ ቢሻው፣ በየበቅሏችን ላይ። ጣልያን ቡሬ ከገባ ወዲህ የማስተምረው እዚህ ጫካ ውስጥ፣ በአርበኞች ጥበቃ ሥር ነው። ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ስልቻ ነው። ከመውጣቴ በፊት ዘርግፌ ፈተሽኩት፦ ዳዊት፣ የፊደል ገበታ፣ የሒሳብ መጽሐፍ። ልጆቹ ግን "ዝናብ ከየት ይመጣል?" እያሉ መግቢያ ቀዳዳ አሳጥተውኛል! ስለ አየርና ስለ ውሃ የሚናገረው የድሮው ትምህርት ቤታችን መጽሐፍ፣ ከቡሬ ወዲያ ባለችው በወጀት አጠገብ፣ አንድ ደብር ውስጥ ተቀምጧል አሉ። እሱን ሳልይዝ አልመለስም ብዬ ፎክሬ ወጥቻለሁ።

ከቀትር በኋላ፣ ቡሬ

ገበያው በበርበሬ ሽታ ያስነጥሳል። የጣልያኑ ወታደር ሊሬ ይዘረጋል፤ ባላገሩ "ጠገራ ብር ከሌለህ እለፍ" ይለዋል። አያ ቢሻው በሳቅ ሊወድቁ ነው። "ዝም በሉ አያ፣ ያስይዙናል!" ብላቸው ባሰባቸው።

ማክሰኞ፣ ወጀት አጠገብ

የደብሩ መርጌታ መጽሐፉን ከዕቃ ቤት አወጡልኝ፤ እንደ ዳዊት የቆዳ ማኅደር ተሰፍቶለታል። ደስታዬ ሽፋኑን እስክገልጥ ነበር። "ከዚህ ደብር ያወጣው የተወገዘ ይሁን" ይላል፣ በራሳቸው በመርጌታ እጅ ጽሑፍ።

"መርጌታ፣ ይህ እኮ የተማሪ መጽሐፍ ነው!"

"መጽሐፍ አይደል? እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲገባ እንዲህ ነው። ደግሞስ እውነት ይሁን ውሸት በምን አውቃለሁ? አንዱን ገጽ ሠርተህ በዓይኔ አሳየኝና ግዝቱን እፈታዋለሁ።"

መጽሐፉ እንደሚለው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ በኮባ ቅጠል ከደንኩና ገለበጥኩት። ውሃው በሙሉ እጀ ጠባቤ ላይ! አያ ቢሻው መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ እኔ ግን መጽሐፉ ቀረብኝ ብዬ ላለቅስ ደረስኩ። ቅጠሉ ወፍራም ጅማት ነበረበት። ለስላሳውን ቆርጬ ደገምኩ። እጄን ከሥሩ ሳነሳ ጠብ ያለ ውሃ የለም።

"ማን ያዘው?" አሉ መርጌታ።

"አየር ነው። ከታች ይገፋዋል።"

"አየር!" እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ግዝቱን እዚያው ፈቱ፤ ግን ሌላውን ገጽ ሳላይ አልለየውም ብለው፣ ማኅደሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በበቅሎዬ ላይ ጉብ አሉ። እኔ በእግሬ!

ረቡዕ፣ ቡሬ ኬላ

የአማርኛ የትምህርት መጽሐፍ ከተገኘ መጽሐፉም እኔም አንመለስም። ባንዳው እስከ ጨው ከረጢታችን ድረስ በረበረ። መርጌታ ግን ቀስ ብለው ማኅደሩን ዘረጉለት። ባንዳው ዳዊት መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ አየርና ውሃን ተሳለመና አሳለፈን! ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

ሐሙስ፣ ጫካ

መርጌታ ከበቅሎ ሳይወርዱ "ውሃ አምጡ!" አሉ። ብርጭቆው ተገልብጦ ውሃው ሳይፈስ ሲቀር ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ጠባቂው አርበኛ ጠመንጃውን አቀባብሎ እየሮጠ ደረሰ።

"ጣልያን መጣ?"

"ተቀመጥ ልጄ፣ ትምህርት ላይ ነን" አሉ መርጌታ፣ ዘወር ሳይሉ።

ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከልጆቹ መሃል ተቀመጠ።