እትዬ ቀጥታና የካውያ ክፍሉ ሳጥን

የባለቤቴ ታላቅ እህት አብረን በምንሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ናት። ነገር ማድበስበስ ስለማትወድ ሁሉም «እትዬ ቀጥታ» ይላታል። ስለ ኤችአይቪ ማስተማር የጀመረችው አብሮ አደጓ ሰው እንዳይሰማባት ብላ ሳትመረመር፣ ሳትታከም ከሞተችባት ወዲህ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ በበጎ ፈቃደኝነት ሠለጠነች፤ ከዚያ የምሳ ሰዓታችንን ወረሰችው።

«እትዬ፣ እየበላን እኮ ነው!» ይሏታል የስፌት ቤቱ ልጆች።

«ብሉ! በጆሯችሁ ነው እንዴ የምትበሉት?»

ያስቸገራት ለሠራተኛው በነፃ እንዲወሰድ ከጤና ጣቢያ ያመጣችው የኮንዶም ሳጥን ነበር። በሩ አጠገብ ብታስቀምጠው የሚነካው ጠፋ። ሰው እያየው ማን ያነሳል? አስባ አስባ ካውያ ክፍል ውስጥ፣ መደርደሪያው አናት ላይ አኖረችው። እዚያ እንፋሎቱ ሰው ከሰው አያስለይም። ሳጥኑ በየሳምንቱ ይጎድል ጀመር፤ እሷም ደስ አላት።

አንድ ሰኞ ጠዋት «ቄንጠኛው» የምንለው ልብስ ተኳሽ ጠረጴዛዋን ሲዞር ቆየ። እኔ አጠገቧ ክር እለቅማለሁ።

«እትዬ፣ ያ ነገር... ትናንት ተቀደደ።»

«ምኑ? ሱሪው?»

«ኧረ እትዬ! ከሳጥኑ የወሰድኩት።»

መቀሷን አስቀመጠች። ካውያ ክፍል ገብታ ሳጥኑን ብትዳብሰው ትኩስ ነው። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ሙቀት ያበላሸዋል እያልኩ የማስተምረው እኔ፣ እንፋሎት ላይ ያስቀመጥኩት እኔ! ተመርምራችሁ ታውቃላችሁ?»

«እኔም እሷም አናውቅም።»

«እሷ» እጮኛው ናት፤ እኛው ዘንድ ቁልፍ የምትተክለው ልጅ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ እንሄዳለን። አንዳችሁ ላይ ቢገኝ ለሌላው የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት አለ። ሦስት ቀን ካለፈ ግን አይሆንም።»

ልጅቷ ስትሰማ አለቀሰች። «ባላውቀው ይሻለኛል» አለች።

«እኔ በእርግዝናዬ ጊዜ ተመርምሬያለሁ» አልኳት፤ «ጣትሽን ጠቅ ያደርጉሻል፣ አለቀ። ምጥ መሰለሽ እንዴ?»

እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። እሺ አለች።

ከመውጣታችን በፊት እትዬ ቀጥታ ማሽኖቹን ሁሉ አስጠፋች። «ከሳጥኑ የወሰዳችሁትን እንዳትጠቀሙበት። ተበላሽቷል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። መልሱልኝ፣ አዲስ አመጣለሁ።»

በሰው ፊት ማን ይመልሳል? መጀመሪያ ብድግ ያሉት ጥበቃው አባባ ናቸው። ከኮት ኪሳቸው ሁለት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አባባ፣ እርስዎም?»

«ምነው? ሽማግሌ ሰው አይደለም?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ያፈረ የለም፤ ሁሉም ከየኪሱ፣ ከየቦርሳው እያወጣ መለሰ።

ጤና ጣቢያ አግዳሚው ላይ አራታችን ተደርድረን ጠበቅን። ልጅቷ እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ነበር። ነርሷ ጠርታቸው ቆይተው ሲወጡ የቄንጠኛው ፊት በርቷል። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ መድኃኒቱም አላስፈለገም። ግን ነርሷ፣ ቅርብ ጊዜ የተያዘ ሰው ላይ ቫይረሱ ቶሎ ስለማይታይ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው እንዲመረመሩ፣ እስከዚያም ያለ ኮንዶም እንዳይገናኙ አስጠንቅቃቸዋለች።

እትዬ ቀጥታ እነዚያን ወራት እንደ ልቧ አልተኛችም። ሳጥኑን በአዲስ ሞልታ ውኃ የምንጠጣበት ጥግ፣ ጥላ ቦታ አዛወረችው። አሁን ኮንዶሙ ሰው እያየም ይወሰዳል።

የዳግም ምርመራው ቀን ሲደርስ ልታስታውሳቸው ብትሄድ ሁለቱም ቦታቸው ላይ የሉም። ከምሳ በኋላ ልጅቷ ገና በሩ ላይ ሆና፣ ማሽኑ ሁሉ እየተንጫጫ፣ «እትዬ፣ አሁንም ነፃ ነን!» ብላ ጮኸች።

«እሰይ!» አለች እትዬ ቀጥታ ወደ እኛ ዞራ፤ «ደግሞ ለመመርመር ማነው የሚሄደው?»

ሁለት ልጆች ማሽናቸውን አጥፍተው ተነሱ።