እትዬ አለምዘውድና የኪባሌው ዳገት

እትዬ አለምዘውድን ፒካፕ ጎተታት አሉ። በኪባሌ ደን በኩል ያለውን የመጨረሻውን ዳገት የወጣችው ብስክሌቷ በገመድ መኪና ላይ ታስሮ ነው አሉ። ወሬው ካምፓላ፣ ንቲንዳ ሰፈር ሲነሳ እንዲህ ልከኛ ነበር። ኪዋቱሌ ሲደርስ ገመዱ ሰንሰለት ሆነ። ናካዋ ላይ ፒካፑ ክሬን ሆኖ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ቺምፓንዚዎች ይገፉ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ሴትዮዋ ከኀፍረቷ ብዛት ብስክሌቷን ሸጣ፣ የኪሶሮውን ጉዞ ትታ፣ ጓዳ ተደብቃለች ተባለ።

እኔ አላመንኩም። ቺምፓንዚዎቹን እንኳ ልቀበል እችል ነበር፤ ያቃተኝ ገመዱ ነው። እትዬ አለምዘውድን እርዳታ የሚባል ነገር ያማታል። ኪዋቱሌ ባለው ምግብ ቤቷ ውስጥ «ወንበር ላንሳልሽ» ያለ ደንበኛ ወንበሩን ቦታው መልሶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ሁለተኛ ሽሮ አዝዞ ነው የሚወጣው። ዕድሜዋ አምሳን ካለፈ ቆይቷል፤ ስትራመድም ወለሉ ቀድሞ ያውቃታል።

ወደ ብስክሌት ያስገባት የጂንጃ መንገድ ነው። አንድ ቀን ከናካዋ ገበያ ሽንኩርት ጭና ስትመለስ፣ ታክሲው መጨናነቁ ውስጥ ከመቆሙ ብዛት ሽንኩርቱ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ እንዳትወጣ፣ የማታውቀውን ሰው ወገብ ይዛ መሄድ አልሆነላትም። ጎማው ወፍራም የሆነ አሮጌ ብስክሌት ገዛች። መጀመሪያ ሰሞን የንቲንዳ ሰው መንገድ ይለቅላት ነበር፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ ሕይወቱን ስለሚወድ።

ኤርሚያስ የሚባል የአየር መንገድ ቢሮ ሠራተኛ አለ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ሐበሾችን ሰብስቦ ኮረኮንች ለኮረኮንች በብስክሌት የሚያንከራትት። ጆንያ ሽንኩርት ከኋላ አስራ ዳገት ስትወጣ አያትና ከእነሱ ጋር እንድትመጣ ጋበዛት። ለጨዋታ ነበር። እሷ በቁም ነገር መጣች።

የእነ ኤርሚያስ ማኅበር አንድ ሕግ አለው። ከጋላቢዎቹ ኋላ ፒካፕ ይከተላል፤ የደረሰበትን ሰው ከነብስክሌቱ ይጭናል፤ የተጫነ ሰው ለሚቀጥለው ትልቅ ጉዞ አይወሰድም። የሚቀጥለው ኪሶሮ ነበር፣ በእሳተ ገሞራዎቹ ግርጌ። እትዬ አለምዘውድ የሙሃቡራ ተራራ ሹል ጫፍ ደመናውን በስቶ ሲወጣ በኤርሚያስ ስልክ ላይ ካየች ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቁማለች። ሥሩ ሄጄ ቀና ብዬ ሳላየው አልሞትም ብላ ለደንበኞቿ ሁሉ ተናግራለች።

በመጀመሪያ ግን ኪባሌ ደን ያለበት የፎርት ፖርታል ጉዞ ነበር። አገሩ ድሮ እሳት የተፋ ነው፤ የጠጠሩ መንገድ ከአንዱ የእሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ወርዶ ወደ ሌላው ይወጣል፣ በየአፉ ውስጥ አረንጓዴ ሐይቅ ተኝቷል። ሌሎቹ ጠጠሩን እያስፈነጠሩ ነጎዱ። እትዬ አለምዘውድን ወደ ኋላ ያስቀራት ጉልበቷ አይደለም፤ አስተዳደጓ ነው። አባቷ መንዝ ውስጥ የበቅሎ ሰው ነበሩ። ከበቅሎው ሳይወርድ ሽማግሌ ሰላም የሚል ሰው በእሳቸው ዘንድ ያላሳደጉት ነው። የቤተ ክርስቲያን ደጅም ተወርዶ ነው የሚታለፈው። ብስክሌት ደግሞ በእሷ ሂሳብ ሣር የማይበላ በቅሎ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ባየች ቁጥር ወረደች። ቤተ ክርስቲያን ባየች ቁጥር ወረደች፤ የካቶሊክ ነው የፕሮቴስታንት ብላ አልመረጠችም። ደወል ስላለው ብቻ አንድ ትምህርት ቤትም ተሳልማለች።

የዚያ አገር ተወላጆች፣ የቶሮ ሰዎች፣ ደግሞ በሰላምታ ከእኛም የባሱ ናቸው። እምፓኮ የሚሉት የቁልምጫ ስም አላቸው፤ በእሱ ካልተጠራሩ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም። ደኑ አጠገብ ባለ መንደር አንድ አዛውንት እምፓኮዋን ጠየቋት። የላትም። ያለ እምፓኮ የቀረ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ደጃፋቸው አስቀምጠው፣ ከጎረቤት ጋር መክረው፣ አድየሪ ብለው ሰየሟት። ምርቃቱ ሲያልቅ የፒካፑ ጡሩምባ መሰማት ጀምሯል።

የቀረውን የነገረኝ የፒካፑ ሹፌር ረመዳን ነው። መንደሩን እንዳለፉ፣ ደኑን ታክከው ሲሄዱ ዶፍ ወረደ። ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ በሩ ሰመጠ። ከፊቷ የመጨረሻው ዳገት ብቻ ነው፤ ከኋላዋ የሚጭናት የለም። ዞር ብላ አየችው። ዳገቱን አየች። እንደገና እሱን አየችው። ከዚያ በማያውቀው ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፤ ጸሎት እንዳልነበረ እርግጠኛ ነው። ብስክሌቷን ዛፍ ላይ አስደግፋ ወደ መንደሩ በእግሯ ተመለሰች።

አድየሪ ተቸግራለች ሲባል ቤት የቀረ ሰው አልነበረም። ገመድ መጣ፤ ጫፉን እሷ ያዘች። መኪናው ሲወጣ የተሰማው ድምፅ፣ ረመዳን እንደሚለው፣ ከምድር ጥርስ የተነቀለ ያህል ነው።

ጭቃዋን እንኳ ሳትጠርግ «በል አሁን ሥራህን ሥራ» አለችው። «ከደረስክብኝ እጫናለሁ። ብትራራልኝ ግን ምግብ ቤቴ ዝር እንዳትል።»

ረመዳን ሊራራ አላሰበም። ነገር ግን ሊጎትቱ ከወጡት አብዛኞቹ መንደሩ ለገበያ የወረዱ የዳገቱ ሰዎች ነበሩ፤ ከነማቶኬ ሙዛቸው መኪናው ኋላ ላይ ተሳፍረዋል። እያንዳንዱ ሰው በየደጁ ይወርዳል፤ የወረደም ሰው ረመዳንን እምፓኮውን ሳይጠይቅ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ ሳያጣራ አይለቀውም። ካምፓላ ተወልዶ ያደገው ረመዳን አንዲት ከብት የለውም፤ ደህና ናቸው እያለ መለሰ። እሷ በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ላይ ቆማ ትገፋለች። ቀንድ አውጣ ቀደማት የሚሉም አሉ፤ ቢሆንም አልወረደችም። ከጋላቢዎቹ የመጨረሻ ሆና፣ ከፒካፑ ግን ቀድማ ገባች።

ዓርብ ከሥራ መልስ ማኅበሩ ማን ኪሶሮ እንደሚሄድ ለመወሰን ምግብ ቤቷ ተሰበሰበ። በጉዞው ቀን ኤርሚያስ መድረሻው በር ላይ ቆሞ ያየው እጇ በገመድ የተላጠ ሴትና፣ ቆይቶ ደግሞ ገመድ የተንጠለጠለበት ፒካፕ ነው። የቀረውን ራሱ ሞልቶታል። ትንሽ እርዳታ አግኝታ ከሆነ ማንም እንደማይቀየማት፣ ኪሶሮ የባሰ ዳገት እንዳለው፣ ዕረፍትም ጥሩ እንደሆነ፣ በረራ መሰረዙን በሚያስታውቅበት ለስላሳ ድምፁ አስረዳ።

እትዬ አለምዘውድ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች።

«ገመዱ የታሰረው የመኪናው የት ጋ ነበር፣ ኤርሚ?»

ኤርሚያስ አሰበ። «ከፊቱ።»

«ከኋላው ያለውን ሰው ከፊቱ አስሮ የሚጎትት መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

አንዱ ሳቁን በናፕኪን አፈነ።

«ማንም አልጎተተኝም። መኪናውን የጎተትነው እኛ ነን፤ እኔና የመንደሩ ሰው። አልተጫንኩም። ብስክሌቴን አልሸጥኩም። ኪሶሮም እሄዳለሁ።»