የእማዬ ዶሮ ወጥ በአምቦ

ቅዳሜ ጧት፣ አውቶቡስ ተራ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ታናሽ እህቴን ስንዱን ወደ ቤት ለመመለስ ነው። አምቦ ላይ በአስተማሪነት ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ለፋሲካም ለገናም ብቅ አላለችም። እናታችን "ልጄን አምጣልኝ" ብላ መውጫ መግቢያ ስታሳጣኝ፣ በስንት ደጅ ጥናት የዝውውር ቅጽ አገኘሁ። የቀረው የስንዱ ፊርማ ብቻ ነው። እማዬ አሥራ ሁለት እንቁላል የገባበት ዶሮ ወጥ በምሳ ዕቃ አስያዘችኝ። አራት ብር ከፍዬ ተሳፈርኩና ምሳ ዕቃውን ጭኔ ላይ አቅፌ ጉዞ ጀመርኩ።

ጊንጪ

አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። ሾፌሩን ተከትዬ ሥጋ ቤት ብገባ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሰው ጥሬ ሥጋውን በአዋዜ ይቆርጣል። ሁለት ሴቶች ያለ ወንድ ቁጭ ብለው፣ ቢላቸውን ይዘው ሲበሉ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አንድ የማላውቀው ገበሬ "ቅመስ እንጂ" ብሎ ከፊቱ ቆርጦ ሰጠኝ። እኛ አዲስ አበባ ለስኳር ተሰልፈን በምንውልበት ዘመን ይህን ማየት ያስደነግጣል።

አምቦ፣ ስድስት ሰዓት

ስንዱ ጠበቀችኝ። ፊቷ ሞልቷል፤ ደስ አለኝ። ቀጥታ የወሰደችኝ አዴ ጫልቱ ምግብ ቤት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተማሪውም ነጋዴውም ምሳውን እዚያ ይበላል።

"ኮታ፣ ይግቡ" ብለው አዴ ጫልቱ ራሳቸው እጄን አስታጠቡኝ። ቤቱ ጢም ብሏል። በየጠረጴዛው አምቦ ውሃ ይከፈታል፤ ሰዉ እየተነሣ ከሌላ ጠረጴዛ ሰው ጋር ይጎራረሳል። ሠርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ከእኛ ጋር ሦስት አስተማሪዎችና ከድር የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ተቀመጡ። ስንዱ ለራሷና ለከድር ጩምቦ አዘዘች፤ በቅቤና በእርጎ የራሰ ወፍራም ቂጣ ነው። እኔ ዶሮውን በሌላ ትሪ አስቀረብኩ። አስተማሪዎቹ ተረባረቡበት፤ ስንዱ ግን ከጩምቦው አልተነቃነቀችም። እንግዳ ማስቀደሟ መስሎኝ ከዶሮውም ከእንቁላሉም በእንጀራ ጠቅልዬ ወደ አፏ ዘረጋሁ።

"እንቺ፣ የእማዬ እጅ ነው።"

አፏን ገጠመች።

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። በእኛ ቤት ጉርሻ የመለሰ ሰው አላውቅም። ከድር አቀረቀረ። ያን ጊዜ ሁለቱን ትሪዎች አየሁ፤ ክርስቲያን ያረደውን የማይበላው ማን እንደሆነ ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለገኝም።

"እኔን ያጉርሱኝ፣ ኦቦ፤ እጅዎ ደከመ" አሉና አዴ ጫልቱ ጎረሱልኝ። ለካ ከተማው ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

እሑድ፣ ጉደር

ስንዱ ወንዙን ላሳይህ ብላ ወሰደችኝ። ወንዙን ያየሁት ግን አይመስለኝም።

"ሰልመሻል?" አልኳት።

"አዎ ጋሼ። ከከድር ጋር ኒካሁን የምናስረው በሚቀጥለው ወር ነው። ለበዓል የቀረሁት ሥጋው ሲቀርብ ምን እላለሁ ብዬ ነው።"

ተቆጣሁ፤ ለመንኳት፤ ደግሜ ተቆጣሁ። ቅጹን ሳትፈርም መለሰችልኝ።

"ለእማዬ እውነቱን ንገራት" አለችኝ። "ከእንግዲህ ቤት መምጣት እችል እንደሆነም ጠይቅልኝ።"

ሰኞ፣ ቤት

ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። እሪ ትላለች ብዬ ጎረቤት ጠርቼ ነበር። እሷ ግን በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ብዙ አለቀሰች፤ ድምፅ አልነበረውም። በመንገዴ ያየሁት ሁሉ ሲያስደነግጠኝ ሰንብቷል፤ ከሁሉ የባሰው ግን እዚሁ ቤቴ ጠበቀኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጅቷን አምቦ የያዛት ሥራ ይመስለን ነበር። የያዛት ለካ የእኛው ገበታ ነው።

እማዬ ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች።

"ለፋሲካ ሁለቱም ይምጡ ብለህ ጻፍላት።"

"እማዬ፣ በፋሲካ ምን ሊበሉ?"

"ሽሮ አይታረድም" አለችኝ። "እኔም ከእነሱ ጋር እሱን እበላለሁ።"