ለኮሚቴ የተጠረገ ወጥ ቤት

ያኔ አራዳ የምንኖርበት ቤት ጣሊያን የሠራው፣ ደርግ የወረሰው የቀበሌ ቤት ነበር። ከወጥ ቤቱ ምድጃ በላይ የቆርቆሮ ጭስ መሳቢያ ተሰቅሏል፤ ግን ዝገት በልቶት ወንፊት ሆኗል፣ ወደ ጣሪያ የሚወጣው ቧንቧም በጥላሸት ተደፍኗል። መውጫ ያጣው ጭስ የሚገባው እናቴ ደረት ውስጥ ነበር። ነርስ ሆኜ በምሠራበት ሆስፒታል ያያት ሐኪም፣ ከጭስ ካልራቀች ሳንባዋ እንደማይድን ሳይሸፋፍን ነገረኝ።

አዲስ ለመግዛት አቅሙም አልነበረኝ፣ የሚሸጥበትም የለም። አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ግን ከአሮጌ በርሜል አፈ ሰፊ መሳቢያ ሊቀጠቅጥልኝ ተስማማ። የቀረኝ የቀበሌው ፈቃድ ብቻ ነበር። ብቻ! ቤቱ የሕዝብ ነውና ሚስማር ለመምታት እንኳ ማመልከቻ ይጻፋል። ጻፍኩ፤ ተመላለስኩ። ዛሬ ስብሰባ ነው፣ ነገ የውይይት ክበብ ነው፣ ከነገ ወዲያ ማኅተም ያዡ የለም። ወራት አልፈው የቤቶች ኮሚቴው መጥቶ ጭሱን በዓይኑ እንዲያይ ተወሰነ። ደስ ብሎኝ ቀኑን ለእናቴ ነገርኳት። ጥፋቴ እሱ ነው።

ሊቀመንበሩንና ሁለት ጓዶቹን አስከትዬ ስገባ ወጥ ቤቱ ተጠርጓል፣ ወለሉ በእበት ተለቅልቋል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። እናቴ የኮሶዬ ሰው ናት፤ እሷ ባደገችበት አገር እንግዳ ጭስ ውስጥ አይገባም። ወጡን ጎረቤት ሄዳ ሠርታዋለች። ሳሏን በነጠላዋ አፍና "ምነው ቆማችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ" ትላለች። እነሱም ተቀመጡ፣ በሉ፣ መረቁ። ሊቀመንበሩ እጁን ታጥቦ "ጭስ አልታየም" ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። ሰውዬው የእናቴን ሳል እየሰማ ነው እኮ የጎረሰው!

ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ምልልስ። ሁለተኛውን ቀን ለእናቴ አልነገርኳትም። የማርያም ማኅበሯ ላይ እንዳለች እርጥብ ባሕር ዛፍ የምድጃው እሳት ላይ ከመርኩና ሊቀመንበሩን አስገብቼ በሩን ገጠምኩት። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አላፈርኩበትም። ብዙም አልቆየ፣ እንባውን እያዘራ ወጣ፤ ፈቃዱን እዚያው ግቢ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ፈረመ። የዛገው ቆርቆሮ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ለቀበሌው እንዳስረክብም አዘዘኝ። በማግስቱ ተሸክሜ ወሰድኩት፤ በማኅተም ተረከቡኝ።

እናቴ ከማኅበሯ ስትመለስ ሰውዬው ገና ዓይኑን እያሸ ነበር። ሮጣ ውሃ አመጣችለት፤ እኔን ግን ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። አዲሱ መሳቢያ ተገጥሞ እሳት በተቀጣጠለበት ቀን ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ ሳትስል ሽንኩርት ከተፈች። በደስታ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ያኔ ቀና አለችና፦

"ያን ሰውዬ ምን በደለሽና አስለቀስሽው?" አለችኝ።

"አንቺስ ይኸን ሁሉ ዓመት ስታለቅሺ?"

"እኔማ ለምጄዋለሁ፤ እሱ እንግዳ ነው።"

ሊቀመንበሩን ከጊዜ ብዛት ይቅር ብዬዋለሁ። እናቴን እንዲህ ብላ እንድታስብ አድርገው ያሳደጓትን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩም።