እትዬ የሺ እና የሚንቆረቆረው ፍሪጅ

በቀደም ዳባት ላለው ቤታችን አዲስ ፍሪጅ ገዝተን ባለቤቴ ገና ከመሰካቱ፣ ከፍሪጁ ሆድ ውስጥ ከእንስራ ውሃ የሚቀዳ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። «የተበላሸ ሸጡልን!» ብሎ ደነገጠ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ያ ድምፅ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ወደነበረው፣ ላምባና ሳሙና ወደሚሸተው የእትዬ የሺ ሱቅ ይዞኝ ሄደ።

እትዬ የሺ ጎረቤታችን ነበሩ። ረጅም፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ነበሩ፤ ከነጠላቸው ሥር የሟች ባላቸውን አረንጓዴ ሹራብ ክረምት ከበጋ አያወልቁም።

የስኳር በሽታ እንዳለብኝ የታወቀው ትምህርት ቤት በገባሁ ሰሞን ነው። የምወጋው ኢንሱሊን ከጎንደር ለወራት የሚበቃ ተደርጎ ይመጣል፤ እኛ ቤት ግን ፍሪጅ አልነበረም። እናቴ ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልላ፣ የለስላሳ ፍሪጅ ወዳለበት ሱቃቸው ሄዳ ልመናዋን ሳትጨርስ፣ እትዬ የሺ «አምጪው እንጂ! ለስላሳው ይጣበብ» ብለው ቦታ ለቀቁልን።

ፍሪጁ አዲስ ዓይነት ነበርና ድምፁ ብዙ ነው። ቀጭ ይላል፣ ይንቆረቆራል፣ ያጓራል፣ ድንገት ጸጥ ይላል። ገበያተኛው «ጋኔን ሰፍሮበታል» እያለ ይስቃል። እኔ ግን በእያንዳንዱ ድምፅ መድኃኒቴ የተበላሸ እየመሰለኝ እባንን ነበር። የሰፈሩ ሴቶች «ይቺ ልጅ አታድግም» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

እትዬ የሺ ፍርሃቴን አዩ። ፍሪጁን ወደሸጠላቸው የጎንደር ነጋዴ ስልክ ደውለው፣ ድምፆቹን በአፋቸው እያስመሰሉ ጠየቁት። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ምንም አላፈሩም። ከዚያ ጆሮዬን ከፍሪጁ ጎን አስጠጉኝ።

«ስሚ፣ የኔ ዓለም። የሚንቆረቆረው፣ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ በቱቦው ሲሄድ ነው። ቀጭ የሚለው አካሉ በብርድ ሲኮማተር ነው፤ የቤታችን ቆርቆሮስ ፀሐይ ሲነካው ይንጣጣ የለ? ዝም ሲል ደግሞ በቃኝ ብሎ ማረፉ ነው። አልሞተም።»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄደ። የገበያ ቀን ነው፤ ከዛሪማ ቆላ ሙቀት የወጡ መንገደኞች ከአውቶቡስ እየወረዱ ቀዝቃዛ ይጠይቃሉ። እትዬ የሺ ወንበራቸውን የፍሪጁ በር ላይ አስጠግተው ተቀመጡ።

«ከተከፈተ ቅዝቃዜው ያመልጣል። ዛሬ አይሸጥም።»

«ባለሱቅ ገበያ ይመልሳል እንዴ?» አላቸው አንድ ሹፌር።

«የልጅ መድኃኒት አለበት» አሉት።

ሹፌሩ ከሳጥን ያልቀዘቀዘውን ገዝቶ ሄደ። ሌሎቹ ግን ወደ ማዶው ሱቅ ተሻገሩ። እሳቸው ቀና ብለውም አላዩዋቸው።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ፍሪጁ ማጓራት ጀመረ፤ ቢጠበቅ ቢጠበቅ አላቆም አለ። የባላቸው ወንድም ጋሽ አየለው «ሞተሩ ሊቃጠል ነው!» ብለው ሊነቅሉት ተነሡ። እትዬ የሺ መንገዱን ዘጉባቸው።

«ተወው፣ አየለው። ሲሞቅ ውሏል፤ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ይሠራል።»

«ቢቃጠልብሽስ?»

«የኔው ነው፤ ይቃጠል። ከተነቀለ ግን የልጅቱ መድኃኒት ሞቆ ያድራል።»

እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍሪጁ ቀጭ አለና ዝም አለ።

«ይኸው፣ ሞተላችሁ!» አሉ ጋሽ አየለው።

«አልሞተም፤ በቃኝ ብሎ ነው» አልኩ።

እትዬ የሺ እስኪያስነባቸው ሳቁ። በሩን ከፍተው አንዱን ብልቃጥ መዳፌ ላይ አኖሩት፤ ሰሜን ተራራ ላይ እንዳለው እንደ ሳንቃ በር ውርጭ ቀዘቀዘኝ።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። ሱቁን ዛሬ የያዘችው ልጃቸው ናት። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ፣ ልጁን ለማሳከም ከበየዳ መጥቶ የከረመ ገበሬ፣ ፍሪጇ ውስጥ ያስቀመጠችለትን የልጁን መድኃኒት ሲቀበላት አየሁ። ማን እንደጠቆመው ጠየቅኩት።

«ሆስፒታሉ በር ላይ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ፣ የየሺ ቤት ሂድ ነው ያለኝ» አለኝ።