እቴቴ ያልተኛችበት አልጋ

ባለፈው ሳምንት አልጋ ገዛሁ። ጋሪ ገፊዎቹ ከመቱ ከተማ ገበያ ወደ ኪራይ ቤቴ ሲያመጡት ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና፣ ገጣጥመውልኝ ሄደው በሩን ስዘጋ የረጠበ ጣውላ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ቫርኒሹ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጥሬ እንጨት። አንሶላ እንኳ ሳላለብሰው ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዲስ አልጋ ገዝታ የምታለቅስ ሴት አለች ቢሉኝ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ያ ሽታ የእቴቴ ቤት ሽታ ነው። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ስትሞት ከቡሬ ወደ መቱ አምጥታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ። ከሆስፒታሉ ዝቅ ብሎ ያለው ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፣ ወለሉ አፈር። ከንብረት የሚቆጠረው ባሏ በሕይወት ሳለ ያሠራው የብረት አልጋ ብቻ ነው፤ በሽቦ ፈንታ ጣውላ የተረበረበበት፣ ከአራቱ የራስጌና የግርጌ እንቡጦች አንዱ የወለቀ። በክረምት፣ ማለትም በእኛ አገር አብዛኛውን ዓመት፣ ጣውላው እርጥበት ይስብና ጫካ ጫካ ይሸታል።

በዚያ አልጋ ላይ ግን የቤቱ ሰው አይተኛም። ከገጠር በሽተኛ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች ማደሪያ ስለማይኖራቸው አመሻሽ ላይ በሆስፒታሉ አጥር ሥር ከዝናቡ ጋር ይተቃቀፉ ነበርና፣ እቴቴ ያጠበችውን ልብስ አድርሳ ስትመለስ አንዷን ሳትይዝ አትመጣም። «ኮቱ፣ ነይ፣ ቤት አለ» ትላለች፣ ኦሮምኛና አማርኛዋን ቀላቅላ፤ ቤት አለ ስትል ቤተ መንግሥት ያላት ነው የምትመስለው። እንግዳዋ አልጋው ላይ፣ እኛ ሁለታችን መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈን። እኔ የየወረዳውን ማንኮራፋት ለይቼ አውቅ ነበር። አንዷ ለሐኪሙ ያመጣችውን ዶሮ አልጋው ሥር አስራ አድራ፣ ጠዋት እንቁላል የተገኘው በእኔ ጫማ ውስጥ ነው።

ሰሌኑ ጎረበጠኝ ብዬ ሳለቃቅስ እቴቴ አትቆጣም፤ ትገረማለች እንጂ። «ጌታችን በግርግም ተኝቷል፤ አንቺ ከማን በልጠሽ ነው?» ትለኛለች። ቀሚሷ ሁለት ነው፤ ሦስተኛ የሰጣት ሰው ካለ፣ ያ ቀሚስ ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ የሰው ዕቃ እንደያዘች ያቁነጠንጣት ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ካለፍሽ አልጋው ያንቺ ነው አለችኝ። አለፍኩ። ቃሏን ጠብቃ እንግዶቹን ሰሌን ላይ አድርጋ እኔን አልጋው ላይ አስተኛችኝ፤ ሳምንት እንኳ ሳይሞላኝ ቶሎሳ ከዛፍ ወደቀ።

ቶሎሳ በሶር ፏፏቴ በኩል ካለ መንደር ነው። ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ፣ እናቱ አዴ ጫልቱ ሲያስታምሙት እኛ ዘንድ ከረሙ። በመጨረሻ ወደ ቤቱ ውሰዱት ተባለ፤ ግን ወገቡ መታጠፍ የለበትም፣ ጠንካራ ነገር ላይ ተጋድሞ ነው መሄድ ያለበት፣ መኪናው ካቆመበት በኋላ ደግሞ ጭቃውን በሰው ትከሻ ነው። አዴ ጫልቱ በራችን ላይ ቆመው እጃቸውን ሲያፍተለትሉ፣ እቴቴ አልጋውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ፍራሼን ጠቅልላ መሬት ላይ አስቀመጠችውና «ከበሩ እንዲወጣ እግሩን ያዢልኝ» አለች።

ያዝኩላት። ከንፈሬን ነክሼ ነው የያዝኩላት።

ፍራሹም ብዙ አልቆየም፣ ለሌላ በሽተኛ ሄደ። ክረምቱ ሲገባ የእቴቴ አስም ተነሣ። ወለሉ ውሃ ይቋጥራል፣ እሷ እዚያ ላይ ትስላለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው «አንቺ ሴትዮ፣ ጽድቁን ትንሽ ለራስሽ አታስቀሪም?» ሲሏት፣ እቴቴ ሳሏ እስኪያስቆማት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጓደኛዬ ጋ ልሄድ ነው ብዬ ዋሽቼ፣ አልጋችንን ላስመልስ ተነሣሁ።

ሚኒባሱ ካወረደኝ በኋላ የፏፏቴው ድምፅ ከሩቅ እየተሰማኝ፣ በጭቃው ላይ የምናገረውን እየተለማመድኩ ሄድኩ። ንግግሩ ጥሩ ነበር። እንቡጡ የወለቀውን አልጋ ከደጅ ለየሁት፤ ቶሎሳ ላዩ ላይ ነው፣ እግሮቹ ከብርድ ልብሱ ሥር እንደ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ቀጥነዋል። አዴ ጫልቱ ፊቴን አዩና ምንም ሳይጠይቁኝ ለልጃቸው በኦሮምኛ «አልጋዋን ልትወስድ ነው የመጣችው» አሉት፤ ሳይቆጡ፣ እንዲያው ጊዜው ደረሰ እንደሚባለው። ወጥተው የኮባ ቅጠል ቆርጠው ገቡና እሱን የሚያወርዱበትን መሬት ላይ ማንጠፍ ጀመሩ። ቶሎሳ ወደ ጣሪያው እያየ በሁለት እጁ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠ።

«እቴቴ ሰላም በያቸው ብላኝ ነው» አልኩ።

ማር አብልተው ሸኙኝ። ቤት ስገባ እቴቴ ጫማዬ ላይ ያለውን ቀይ ጭቃ አይታ የት እንደነበርኩ አልጠየቀችኝም። «ጎኑ አልቆሰለም?» ብቻ አለች። አልቆሰለም አልኳት። «ተመስገን» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረችና ሳሏን ቀጠለች።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሐኪሙ ሳንባዋ ድሮም የደከመ ነው አለ፤ ይሁን፣ እኔ ግን ወለሉን ነው የምጠረጥረው። ሳጥን እንዳታሠሩልኝ፣ ጣውላ የሚያስፈልገው ሕያው አለ ብላ ስለነበር፣ በምንተኛበት ሰሌን ተጠቅልላ ተቀበረች። አዴ ጫልቱ ከእነመንደራቸው መጥተው ከዘመድ በላይ አለቀሱላት፤ እኔም እሷን የገደላትንና እሷን እሷ ያደረጋትን ነገር መለየት አቅቶኝ፣ ማንን እንደምቆጣ ሳላውቅ ቀረሁ። አሁንም አላወቅሁም።

የአሁኑ አልጋዬ ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ይይዛል። ትናንት ከሥራ ስመለስ ከሆስፒታሉ በታች ባለው ሱቅ በረንዳ ሥር አንዲት የገጠር ሴት ፔርሙዟን አቅፋ ዝናቡ እስኪያባራ ቆማለች። «ኮቱ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቤቴን በሐሳቤ ዞርኩት፤ ቴሌቪዥኑን፣ ቁም ሳጥኑን፣ አዲሱን አልጋ። እሷን አልጋው ላይ ባስተኛት፣ ለራሴ መሬት ላይ የማነጥፈው አንድ ሰሌን ቤቴ ውስጥ የለም።