ሚጣ ስብሰባ የገባችበት ቀን

ልብስ ሰፊዋ እጀ ፈጣን ናት፤ አፏም ከእጇ አይተናነስም። ልጇ ሚጣ ግን ስትወለድ በደረሰባት ጉዳት እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዲት ቃል ከአፏ እስክትወጣም የሰው ትዕግሥት ያልቃል። ስለዚህ እናት ለአሥራ ሁለት ዓመት የልጇ አፍ ሆና ኖረች። ሚጣ «ው…» ስትል ውሃ ይቀርብላታል። «ውጪ ልውጣ» ልትል ይሆን ብሎ የሚያጣራ የለም።

ሚጣ በምን ዓይነት እገዛ እንደምትማር የሚወሰነው በየዓመቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ በሚደረግ ስብሰባ ነው። እናት ትገባለች፤ ሚጣ ኮሪደር ላይ ትጠብቃለች። ዘንድሮ ግን እናት ልትገባ ስትነሳ ሚጣ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«እኔም… እገባለሁ።»

እናት ክው አለች። ልጇ ድክመቷ ሲዘረዘር ሰምታ ሆዷ እንዳይባባ ሰጋች። ርዕሰ መምህሩም ልጆች ስብሰባ ገብተው እንደማያውቁ በትሕትና ነገሯት። እናት የልጇን ፊት ትክ ብላ አየችና ሐሳቧን ቀየረች።

«እኔ ባለቤቱን ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም» አለቻቸው። «የእሷን ነገር ግን ሳንጠይቃት ስንት ዓመት ቆረጥን። ትግባ።»

ወንበር ተጨመረ። አምና አንዲት ረዳት መምህርት ቀኑን ሙሉ ከሚጣ ጎን እንድትቀመጥ ደጅ ጠንታ ያስፈቀደችው እናት ራሷ ነበረች። ዘንድሮም ይቀጥል ተባለ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ወደ ሚጣ ዞር ብለው ምን እንደምታስብ ጠየቋት።

ሚጣ ጊዜ ወሰደች። እናት ሁለቴ አፏን ከፍታ ሁለቴ ከንፈሯን ነከሰች።

«ረዳቴ… ከኋላ ትቀመጥ» አለች ሚጣ። «አጠገቤ ስትሆን… ጓደኞቼ አይጠጉኝም። ፈተና ላይ… ሰዓት ጨምሩልኝ። ስናገር ደግሞ… አትጨርሱልኝ። አንቺም፣ እማዬ።»

ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሽበታሙ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሚጣ እጇን ስታወጣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፋት፣ እንዳትሸማቀቅ ብሎ እንደነበር አቀርቅሮ ተናገረ። ርዕሰ መምህሩ ያለችውን ቃል በቃል ጻፉ። እናት ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ወዲያው ደግሞ ደረቷ በኩራት ተነፋ። ልጇ በሙሉ አፏ ስትሟገት ያየችው ያን ቀን ነው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። ረዳቷ ወደ ኋላ ስትሄድ ሚጣ ከሰሌዳ መገልበጥ አቃታት። ዓመቱን ሳትጠብቅ ሌላ ስብሰባ አስጠርታ መፍትሔውን ራሷ ይዛ ቀረበች፦ የአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ደብተር ፎቶ ይነሳላት። ያቺ ጓደኛዋ አሁን አንድ ዴስክ ላይ አብራት ተቀምጣ ወሬ ታበዛለች ተብላ በየቀኑ ትገሠጻለች። ትምህርት ቤቱም እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ሌሎች ልጆች ስብሰባቸው ላይ ይጠራ ጀመር።

እናት ዛሬ ደንበኛ ስትለካ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ታወራለች፤ «ልጄ እኮ በመምህሮቿ ፊት አረመችኝ» ትላለች፣ ሽልማት እንደወሰደ ሰው።